ጸጥ ያሉ ሌሊቶች

መካኒኩን ከኋላ ደረጃው ሥር ወድቆ ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይሆናል። በግንባሩ ተደፍቶ ነበር፤ አንድ እግሩ የመጨረሻው እርከን ላይ ቀርቷል። ገላው ገና አልቀዘቀዘም። ትንፋሹ ግን የለም።

የማገገሚያ ባለሙያዋ ስትደርስ ግቢው በፖሊስ ተሞልቷል። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ አልመጣላትም። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሠርታለች። ቤቱ ጭንቅላታቸው ተጎድቶ ጠባያቸው የተለወጠ አሥራ አራት ሰዎች የሚኖሩበት ነው። እሷ መራመድ፣ ሸሚዝ መቆለፍ፣ ቁጣ መዋጥ እንደ አዲስ ታስተምራቸዋለች። መካኒኩን ብረት ወድቆበት ነው ያመጡት። ደረጃ መውረድ ለማስለመድ ብቻ ዘጠኝ ወር ፈጅቶባታል።

መርማሪው ጡረታ የተቃረበ፣ ወንበር ባየ ቁጥር የሚቀመጥ ሰው ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጥፋተኛውን አግኝቶ ነበር።

ጥፋተኛ የተባለው ሹፌሩ ነው። ድሮ አውቶቡስ ይነዳ የነበረ፣ ግድግዳ የሚያህል ታካሚ። ሲከፋው ይማታል። ባለፈው ቀን በወንበር የተነሣ ተጣልቶ መካኒኩን በቡጢ ብሎታል። አሁን ደግሞ ገፍተኸዋል ወይ ሲባል አዎ ብሏል። ክፍሉ ውስጥ ቆልፈውበት በሩ ላይ ፖሊስ አቁመዋል።

“ራሱ አመነ እኮ” አላት መርማሪው። “ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?”

“እርስዎ ባሉበት አንድ ጥያቄ ልጠይቀው።”

በሩ ተከፈተላት። አልጋው ጫፍ ላይ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች።

“ጋሼ፣ ትናንት የእህቴ ሰርግ ላይ ነበርን አይደል?”

የሹፌሩ ፊት በራ። “ነበርን እንጂ! ዝናቡ ነው ያበላሸው። ሙሽራዋንም የወሰድናት በኔ አውቶቡስ ነው።”

ወደ ኮሪደሩ ሲመለሱ እህት እንደሌላት ለመርማሪው ነገረችው። ሹፌሩ ውሸታም አይደለም፤ ከጉዳቱ በኋላ የጎደለበትን ትዝታ ጭንቅላቱ ራሱ እየፈጠረ ይሞላለታል። ያቀረቡለትን ሁሉ ይቀበላል።

መርማሪው እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ሹፌሩንም አስፈታው።

ቀጥሎ የተጠረጠረው የመካኒኩ ወንድም ነበር። በሞቱ ዋዜማ ሊጠይቀው መጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ተሰምቷል። ወንድምየው ግን በጊዜ ወጥቷል፤ የጥበቃው መዝገብ ላይ ፈርሟል። የጮኸውም ወንድሙ ስሙን ስለረሳበት ነው። ይህን ሲናገር መሬት መሬት ያይ ነበር።

“እንግዲህ ወድቆ ነው” አለ መርማሪው።

ባለሙያዋ አልተዋጠላትም። መካኒኩ በግራ እጁ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ሳይጨብጥ እግሩን አያነሣም ነበር። በየማለዳው ከቁርስ በፊት ብቻውን ወጥቶ እንዲወርድ የፈቀደችለትም እርግጠኛ ስለነበረች ነው።

ቢሮዋ ገብታ የሁለት ወር ማስታወሻዋን ዘረጋች። ማክሰኞ፦ ምላሱ ተሳስሯል፣ እግሩን ይጎትታል። ረቡዕ፦ ደህና ነው። ሐሙስ፦ እንደገና ይጎትታል። ቅዳሜም እንዲሁ። ከእያንዳንዱ ጎን “ድካም” ብላ ጽፋለች፤ የራሷን ድካም ይሁን የሱን፣ አሁን ስታየው እሷም አታውቅም።

የተረኞችን ዝርዝር አመጣች። የሌሊት አስታማሚዎቹ ሁለት ናቸው፤ በየሌሊቱ አንዷ ብቻ ታድራለች። መካኒኩ የሚንገዳገድባቸው ማለዳዎች ሁሉ ከሁለቱ አንጋፋዋ፣ እትዬ፣ ያደረችባቸው ነበሩ። የሞተበትም ጭምር።

ዝርዝሩን ላለማየት ገለበጠችው። እትዬን ሥራ አስኪያጁም ሳይቀር እትዬ ነው የሚላት። ባለሙያዋ አዲስ በነበረች ጊዜ አንድ ታካሚ ክንዷን ሲነክሳት፣ ቁስሉን ያጠበችላትና በየት በኩል መቆም እንዳለባት ያሳየቻት እሷ ናት።

በአራተኛው ቀን የአስከሬኑ የደም ምርመራ ውጤት መጣ። በመካኒኩ ደም ውስጥ ማረጋጊያ መድኃኒት ተገኝቷል። ለሱ ታዝዞ አያውቅም። በዚያ ቤት ውስጥ የታዘዘው ለሹፌሩ ብቻ ነው፤ እሱም ሲረበሽ ብቻ።

መርማሪውና ባለሙያዋ ሁለት መዝገብ ጎን ለጎን ዘረጉ። የመድኃኒቱ መዝገብ በነዚያ ሌሊቶች ሹፌሩ ተረብሾ አራት አራት ኪኒን እንደወሰደ ይላል። የጠባይ መዝገቡ ደግሞ “ሌሊቱ ጸጥ ያለ ነበር” ይላል። ሁለቱም የእትዬ እጅ ጽሑፍ ናቸው።

“በሹፌሩ ስም ወጥቶ ለሌሎቹ ተሰጥቷል ማለት ነው” አለ መርማሪው።

ባለሙያዋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

አስጠርተዋት የመጣችውን እትዬን ያገኟት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። አንሶላ ታጥፍ ነበር። መዝገቦቹን በመርማሪው እጅ ስታይ የያዘችውን አጥፋ ጨረሰችና ቅርጫቱ ላይ ተቀመጠች።

“ለስንት ሰው ነው የሚሰጡት?” አላት መርማሪው።

“ለአራት። ሌሊት ለሚነሡት።”

“ለምን?”

“አንድ ሰው ነኝ፣ እነሱ አሥራ አራት። የአንዱን ልብስ ስቀይር ሌላው ከክፍሉ ይወጣል። ቀንም እቤቴ የማስታምመው ባል አለኝ።” ወደ ባለሙያዋ ዞረች። “መካኒኩ ደረጃ ደረጃ እያለ በሌሊት ይነሣ ነበር፣ ልጄ። እንዳይወድቅ ብዬ እኮ ነው።”

መርማሪው ጥያቄውን ቀጠለ።

“ያን ዕለት ሲወርድ የት ነበሩ?”

“ወንበሬ ላይ። ዓይኔን ላፍታ ጨፈንኩ።”

“ሹፌሩ ላይ በር ሲቆለፍበትስ?”

“እዚያው ቆሜ ነበር።” ድምፏ ወረደ። “ያው ይረሳዋል ብዬ።”

መርማሪው ከዚያ ወዲያ ብዙ አልጠየቃትም። ሻርፗን እስክትለብስ ጠበቃት፤ ሳይነካት ከጎኗ ሄደ። በሩ ጋ ስትደርስ እትዬ ዘወር ብላ ባለሙያዋን አየቻት። ምሕረት የምትለምን አትመስልም ነበር። እንቅልፍ ያሸነፈው ሰው ትመስል ነበር።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው የባለሙያዋን ቃል ሊቀበል ተመለሰ። ሌሊቱን ለአንድ ሰው ብቻ የተወው ማን እንደሆነ ጠየቃት። ባለሙያዋ መሳቢያዋን ከፍታ ያለፈውን የሦስት ወር ሪፖርት አወጣችለት። ቀድሞ በየሌሊቱ ሁለት አስታማሚ ያድር ነበር። አንዷ ከለቀቀች ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ምትክ ያስፈልጋል ወይ ብሎ ጠይቋት ነበር። እሷም የታካሚዎቹ እንቅልፍ እጅግ መሻሻሉን ጻፈች፤ የማታውን የሰውነት እንቅስቃሴ ያወጣችላቸው ራሷ ስለሆነች በሱ የመጣ መስሏት ኮርታም ነበር። ምትክም ሳይቀጠር ቀረ። ከሥር ፊርማዋ አለ።

“ይኼም ይያዝልኝ” አለችው።

“ግዴታ የለብዎትም።”

“ይያዝልኝ።”

ሊመሽ ሲል ሥራ አስኪያጁ በሯን አንኳኳ። ዛሬ የእትዬ ተራ ነበር፤ ሌላዋ አስታማሚ ስልክ አታነሣም። እሷ የምታውቀው ሰው እንዳለ ጠየቃት።

ባለሙያዋ ወደ ቤቷ ልትሄድ ኮቷን ለብሳ ነበር። አወለቀችው።

“እኔ አድራለሁ። ግን ብቻዬን አይደለም።”

“ታዲያ ሌላ ሰው ከየት ላምጣ?”

“አንተ አለህ።”

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። ቀጥሎ እሷን አያት። ከኮሪደሩ መጨረሻ አንድ ታካሚ መጣራት ጀመረ፤ ወዲያው ሌላም ተከተለው። ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና ከየትኛው ክፍል እንደሚጀምር ጠየቃት።