ያልተረሳው የእጅ ፍሬን

መኪናዋ አንዴ ወደፊት ዘለለች፣ የሆነ ነገር ተሰበረ፣ ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። ሚጡ ሁለት እጇን መሪው ላይ እንዳጣበቀች ቀረች። ግራ እግሯ ባዶውን ነበር፤ አያቷ ሰልጣኞቻቸውን እንደሚያዟቸው፣ ጫማዋን አውልቃ ነው የገባችው።

ዕድሜዋ አስራ አምስት ነው፤ ቤት ውስጥ ግን እስካሁን ሚጡ ነው የምትባለው። አያቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መኪና መንዳት ያስተማሩ ሰው ናቸው፣ ትምህርታቸውም የሚጀምረው ከግራ ጫማ ነው። «አውልቂው፤ እግርሽ ይስማ» ይላሉ። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው መርገጥ፣ አንደኛ ማርሽ ማስገባት፣ ከዚያ እግርን በቀስታ ማንሳት። መኪናዋ ትንሽ ስትንቀጠቀጥ እግርን እዚያው ላይ ማቆየት፣ ነዳጅ በጥቂቱ መስጠት። እሳቸው በዚህ ጊዜ ጎን ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «መቼ እንደተነሳች ካወቅሁ ወድቀሻል» ይላሉ። መኪናዋ ከዘለለች ደግሞ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «እህቴ፣ ይቺ መኪና ናት እንጂ ፌንጣ አይደለችም።»

ሚጡ ይህን ሁሉ ኋላ ወንበር ላይ ሆና ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች። እንደምትችለው እርግጠኛ ነበረች። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ፣ እናቷ ሥራ ሄዳ፣ አያቷን ራዲዮኑ እንደተከፈተ ሸለብ ሲያደርጋቸው፣ የመኪናቸውን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አነሳች። ግቢው ወደ አጥሩ ግንብ ትንሽ ያዘቀዝቃል። ሐሳቧ አንድ ሜትር ሄዳ መቆም ነበር። ሞተሩን አስነሳች፣ ማርሽ አስገባች፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች። እግሯን ቀስ ብላ ላንሳ ስትል ግን አዳለጣትና ፍሪሲዮኑን ባንዴ ለቀቀችው።

ወርዳ ስታይ የቀኙ መብራት ግንቡ ሥር ተፈርፍሯል። ዝቅ ብላ አየች። የፊት ጎማው የቆመው በጠመኔ የተሳለች ፀሐይ ላይ ነበር። የጎረቤት ልጅ፣ የአራት ዓመቷ፣ ዘወትር ወደነሱ ግቢ እየመጣች እዚያ ቁጭ ብላ ነው የምትስለው። እናቷ ለምሳ ስትጠራት ሚጡ በጆሮዋ ሰምታለች፤ ከዚያ ወዲህ አስር ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ቀጥሎ ያደረገችውን ሳታስብ እንዳደረገችው ለራሷ ደጋግማ ትነግራለች። ማርሹን አወጣች፣ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ መለሰች፣ ክፍሏ ገብታ የሒሳብ ደብተሯን ገለጠች።

አያቷ ሲወጡ ያገኙት ማርሽ ያልገባባት፣ የእጅ ፍሬኗ ያልተያዘ፣ ቁልቁል ወርዳ ግንብ የገጨች መኪና ነበር። ማንንም አልጠረጠሩም። የጠመኔዋን ፀሐይ ረጅም ጊዜ ቆመው አዩዋት። አመሻሹ ላይ ለሚጡ እናት ሲነግሯት ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም ነበር።

«ረሳሁ» አሉ። «የእጅ ፍሬን ሳልይዝ ወረድሁ። እኔ።»

«አባዬ፣ ቢበቃዎትስ?» አለች እናቷ። «ልጅቷ እዚያ ብትሆን ኖሮ …» አልጨረሰችውም።

ሚጡ ክርክር ይነሳል ብላ ጠበቀች። አያቷ በወጥ ጨው እንኳ ግማሽ ሰዓት የሚከራከሩ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን «እሺ፣ ይብቃኝ» ብለው ቁልፉን ለልጃቸው ሰጧት። ሚጡ ያኔ አፏን ልትከፍት ነበር። ነገ እነግራቸዋለሁ አለች። በማግስቱም ነገ አለች።

በማግስቱ አያቷ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ጎረቤት ሄዱና የትንሿን ልጅ እናት ይቅርታ ጠየቁ። ሚጡ በመስኮት አየቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ተለወጠ። ምድጃው መጥፋቱን ሦስት ጊዜ ያያሉ። በሩን ቆልፈው ይሄዱና ተመልሰው ይነካኩታል። አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ የተዉትን ወረቀት ብታይ፣ የድሮ ሰልጣኞቻቸውን ስም ሲጽፉበት ኖሯል፤ ያልመጣላቸውን ቦታ ባዶ ትተውታል። አእምሯቸውን እየፈተኑ ነበር። ሚጡ ወረቀቱን እንደነበረ አስቀምጣ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

የመጨረሻዋ ሰልጣኛቸው፣ አንዲት ነርስ፣ እስከ ቤት መጣች። «ጋሼ፣ ፈተናዬ እኮ ደረሰ፤ ለማን ጥለውኝ ነው?»

«ማሰልጠኛው ከኔ የሚሻል አስተማሪ ይሰጥሻል» አሏት። «ሰው የሚገድል አስተማሪ ምን ያደርግልሻል?» ነርሷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሚጡ ሻይ ይዛ ቆማ ነበር፤ ሻዩን አስቀምጣ ወጣች።

በአስራ አንደኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጅተው ጠበቋት።

«ነይ ሚጡ፣ ጻፊልኝ። የኔ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።»

«ምን ልጻፍ?»

«ለማሰልጠኛው ሥራ አስኪያጅ በይ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬን በፈቃዴ መልቀቄን አስታውቃለሁ። ምክንያቱም የማስታወስ ችሎታዬ እየደከመ በመምጣቱ፣ የእጅ ፍሬን ሳልይዝ ከመኪና ወርጄ …»

እጇ ይጽፍ ነበር። «ሳልይዝ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ፊደሎቹ የሷ ናቸው፤ ውሸቱን በገዛ እጇ እየጻፈችላቸው ነው።

«ቶሎ አልኩብሽ?»

«ይዘውት ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«የእጅ ፍሬኑን። ማርሽም አስገብተው ነበር የወረዱት። እኔ ነኝ ያስነሳኋት፣ አባባ። ፍሪሲዮኑን ባንዴ ለቀቅኩት። ከዚያ ፈራሁ።»

አያቷ መነጽራቸውን አወለቁ። ሚጡ እንዲቆጡ ፈለገች፤ ቢጮኹ፣ ቢመቷት እንኳ ይሻላት ነበር። እሳቸው ግን በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ቀን ቆጠሩ።

«አስራ አንድ ቀን» አሉ። «አስራ አንድ ቀን ሙሉ ራሴን እንደ ሌባ ስጠብቅ ከረምሁ። እያየሽኝ ነበር?»

«አዎ።»

ሚጡ ወረቀቱን ወደራሷ ሳብ አደረገች። «ልቅደደው?»

«ቅደጂው።» ድምፃቸው ደክሟል። «ዛሬም ግን ምድጃውን ማየቴ አይቀርም፣ የኔ ልጅ። እንዴት እንደምተወው እንጃ።»

ይህን ስትሰማ ነው ነገሩ የገባት። እውነቱን ስትናገር ሁሉ ነገር ቅዳሜ ወደነበረበት የሚመለስ መስሏት ነበር። ወረቀቱን ቀደደች፤ የቀለላት ነገር ግን አልነበረም።

የግቢው በር ተከፈተ፤ እናቷ ከሥራ ገባች። አያቷ የቤቱን በር አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለእናትሽ እኔ ቀስ ብዬ እነግርልሻለሁ። ቁጣዋን ታውቂያለሽ።»

ሚጡ ለአፍታ «እሺ» ልትል ነበር። እናቷ ስትቆጣ ቤቱ ይጠባል። ከዚያ ባርኔጣቸውን ይዘው ጎረቤት በር ላይ ቆመው ያየቻቸው ቀን ትዝ አላት።

«አይሆንም አባባ» አለች። «እርስዎ ይቀመጡ።»

ተነሥታ ወጣች። እናቷ ቦርሳዋን ገና ከትከሻዋ አላወረደችም።

«እማ፣ ጎረቤት አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለቻት። «መጀመሪያ ግን አንቺ ስሚኝ።»