ሊፍቱ እስኪሠራ

ሊፍቱ የቆመው ሰኞ ጠዋት ነው፤ በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መሐል፣ ውስጡ ማንም ሳይኖር። የሕንጻው ሰዎች መጀመሪያ ላይ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። በዚያ ከተማ የቧንቧ ውኃ ሳይታሰብ ይሄዳል፣ አውቶቡስ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳይቆም ያልፋል፣ መንገድ በተጠገነ በሳምንቱ እንደገና ይቆፈራል። ሊፍትም ይበላሻል። ሰው ትንሽ ያጉረመርምና ይለምደዋል።

ስምንተኛ ፎቅ ለምትኖረው አራሚ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። በአንድ ማተሚያ ቤት የመጻሕፍት አራሚ ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ስትለቅም ውላ ስምንት ፎቅ በእግሯ መውጣቱ አይደለም የከበዳት፤ የከበዳት የአባቷ ነገር ነው። አባቷ ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ደረጃ አይችልም። በፊት ጠዋት ጠዋት በሊፍት ወርደው፣ ከዳቦ ቤቱ ትኩስ ዳቦ ገዝተው፣ አውቶቡስ ፌርማታው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር የሚያረፍዱት። አሁን ወንበራቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው ቁልቁል ወደ ጎዳናው ጆሯቸውን መስጠት ጀመሩ። የሚያልፈውን አውቶቡስ ሳያዩት በድምፁ ያውቁታል።

«ይሄኛው ለማርሹ አያዝንም» ይላሉ። «አሁን ያለፈውን ግን ሰማሽው? ተሳፋሪውን እንደ እንቁላል ነው የያዘው።»

ሊፍቱን እንዲጠግን ከጥገና ድርጅት የተላከው መካኒክ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ወጣት ነበር። የመሣሪያ ሳጥኑን ተሸክሞ በማለዳ ይመጣል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይሄዳል። መቼ ይሠራል ለሚለው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ ነገ። ሳምንት ሳይሞላ ስሙ ራሱ «ነገ» ሆኖ ቀረ። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ነርስ ደረጃው ላይ ባገኙት ቁጥር «ዛሬም ነገ መጥቷል» እያሉ ጎረቤቱን ያስቁ ነበር።

አራሚዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጋገረችው በሁለተኛው ሳምንት ነው። የገበያ ዕቃ በሁለት እጇ አንጠልጥላ ስትወጣ አምስተኛ ፎቅ ላይ የሊፍቱ በር ተፈልቅቆ፣ እሱ በደረቱ ተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ወደ ጉድጓዱ አስገብቶ አገኘችው። ለማለፍ እግሩን መሻገር ነበረባት። ቆመችና ሊፍቱ መቼ እንደሚሠራ በቁጣ ጠየቀችው።

ብድግ ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ነገ ይሠራል ብዬ አስባለሁ።»

«ትናንትም እንዲሁ ነው ያልከው።»

«ትናንትም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አለ። አላፈረም፣ አልሳቀምም። ዕቃውን ላግዝዎት ብሎ እጁን ዘረጋ። እሷ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ አንተ ብላዋለች፤ እሱ ግን እርስዎ ከማለት ፍንክች አላለም። አይ ይቅር ብላው ወጣች። ሰባተኛ ፎቅ ስትደርስ ግን ንዴቱ ሄዶ የቀራት የሰውየው ዓይን ነበር፤ ግንባሩ በግራሶ ተለውሷል፣ ዓይኑ ደክሟል፣ አስተያየቱ ግን ረጋ ያለ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይተያያሉ። ስትወርድ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ያሳልፋታል። አንድ አመሻሽ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሿን ልትሰበስብ ደረጃው መስኮት ጋ ቆመች። ፀሐይዋ ከማዶ ባሉት ሕንጻዎች መስታወት ላይ ወርቅ አፍስሳ፣ ከታች የመኪናው ሰልፍ አልንቀሳቀስ ብሎ፣ ከተማው እንዳለ ይንጫጫል። እሱም ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ ያንኑ ያይ ኖሯል።

«ሊፍቱ ቢሠራ ይሄ ያመልጥዎት ነበር» አላት ሳይዞር።

መናደዷን ከማስታወሷ በፊት ሳቋ አመለጣት።

ታላቅ ወንድሟ ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ጸጥተኛ ከተማ ነው የሚኖረው። ግቢ ያለው ቤት አለው። ሰው እንደ ታጠበ ልብስ ሰገነት ላይ ተሰጥቶ አይኖርም ብሎ በስልክ ተቆጣ። በወሩ የመጨረሻ እሑድ የጭነት መኪና ይዞ መጥቶ አባታቸውን እንደሚወስድ፣ እሷም ብትመጣ ክፍል እንዳላት ነገራት። ለአባቷ ስትነግራቸው ወንበራቸውን ወደ በረንዳው ጠርዝ አስጠጉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንገዱን መጨናነቅ ሲያማርሩ የኖሩ ሰው ለካ ያለ መጨናነቁ መኖር አይሆንላቸውም። አባቷን ብቻቸውን እንደማትልካቸው እሷም ታውቃለች።

በሦስተኛው ሳምንት ነዋሪዎቹ ምድር ቤት ተሰበሰቡ። ለጥገና ድርጅቱ አቤቱታ ይጻፍ ተባለ፤ የሁሉም ዓይን ወደ አራሚዋ ዞረ። የወንድሟን መኪና እያሰበች ስለጻፈች ብዕሯ ምሕረት አላወቀም። «ሠራተኛችሁ በየማለዳው ይመጣል፤ ሲሄድ ትቶልን የሚሄደው የግራሶ እጁን አሻራ ብቻ ነው» የምትል መስመር ነበረችበት። እዚያ ላይ ሲደረስ ሰው አጨበጨበ። አርባ ሦስት ሰው ፈረመ።

ደብዳቤው በደረሰ በሁለተኛው ቀን መካኒኩ ቀረ። በማግስቱም አልመጣም። ሌላ ሠራተኛም አልተላከም። አራሚዋ አምስተኛ ፎቅ ስትደርስ እግሯ በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ ከዚያ ምን ሆኜ ነው ብላ መንገዷን ትቀጥላለች።

በሳምንቱ አባቷ ምሳ ላይ «ያ ልጅ ታመመ እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

የትኛው ልጅ ብትላቸው ትንሽ አቅማምተው ሁሉንም ዘረገፉት። መካኒኩ እሷ ሥራ ከሄደች በኋላ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ብቅ እያለ ሰላም ይላቸው ነበር። ሦስት ቀን ደግሞ እሱና የሕንጻው ጥበቃ በወንበር ተሸክመው፣ በየፎቁ እያረፉ፣ እስከ ጎዳናው አውርደዋቸዋል። ፌርማታው ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው፣ የድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሲያልፉ ጥሩምባ ነፍተውላቸው፣ እንደገና በሸክም ተመልሰዋል። ለምን ደበቁኝ ስትላቸው «ብነግርሽ ትከለክይኝ ነበር» አሉ።

ሌላም ነገር ነበር። የሊፍቱ ሞተር አርጅቷል። የተሰበረው የማርሹ ጥርስ ነው፤ መለዋወጫው ደግሞ አሁን የትም አይገኝም። ድርጅቱ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ ሕንጻውን ተወው ብሎታል። ልጁ ግን የዓመት ዕረፍቱን ወሰደና በገዛ ጊዜው እየመጣ፣ እየለካ፣ ብረት በሚቀርጸው ጓደኛው ቶርኖ ቤት አዲስ ጥርስ ያስቀርጽ ነበር። ሁለቴ ተቀረጸ፣ ሁለቴም አልገጠመም።

አራሚዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። በሥራዋ ላይ ስህተት ሲያመልጣት ከመጽሐፉ ኋላ የማረሚያ ገጽ ይገባል። ለዚህኛው ምን እንደሚገባለት አላወቀችም።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ድርጅቱ ሄደች። ቦታው የከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ ሁለት አውቶቡስ ያስይዛል። ሁለተኛው ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ቆማ ሳለ አንዲት የማታውቃት ሴት ፊቷን አየት አድርጋ፣ ምንም ሳትል ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችላት። ከዚያም ሌላ ሰው ብብት ሥር ገብታ፣ መጽሐፏን ከፍታ ማንበብ ቀጠለች። አራሚዋ ይህን ከተማ ስለምን እንደምትወደው ለወንድሟ ልታስረዳው ሞክራ አቅቷት ያውቃል፤ ይቺን ሴት ብታሳየው በቂ እንደነበር አሰበች።

የድርጅቱ ኃላፊ ደብዳቤውን ከመሳቢያው አወጣ። መካኒኩ ድርጅቱ የተወውን ሕንጻ ያለ ፈቃድ ሲነካ ተገኝቷልና ወደ መጋዘን ተዛውሯል አላት። ከዚያ ወረቀቱን በአድናቆት አገላበጠው።

«የጻፈው ሰው ግን ቃል ያውቃል።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለችው። «ቃል አውቃለሁ። ሰውየውን ግን አላወቅሁትም ነበር።»

ኃላፊው ቀና ብሎ አያት። ክፉ ሰው አልነበረም። አርባ ሦስት ሰው የፈረመበትን አንድ ሰው መጥቶ ቢሽረው እንደማይሆን፣ አርባ ሦስቱም ከፈረሙ ግን ነገሩን መልሶ እንደሚያየው ነገራት። መጋዘኑ የት እንደሆነም በእጁ አመለከታት።

መካኒኩን ያገኘችው በብሎን ሣጥኖች መሐል ነው። ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ እየለየ ነበር። ሲያያት ተነስቶ ቆመ።

«ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። አባትዎ አራሚ መሆንዎን ነግረውኛል። አንድም የተሳሳተ ፊደል የለውም።» ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ያቺ መስመር ብቻ... እኔ እኮ ከመሄዴ በፊት የደረጃውን መደገፊያ ሁሉ ወልውዬ ነበር የምሄደው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ይቅርታ ለመጠየቅ በመንገድ ላይ ያሰናዳችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። ለምን እውነቱን እንዳልነገራቸው ብቻ ጠየቀችው።

«ድርጅቱ ትቶታል ብል በማግስቱ ወደ ወንድምዎ ትሄዱ ነበር። አባትዎ እንዳይጎዱ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።» ብሎኑን ጣቱ ላይ አዟዟረው። «ውሸቴን ነው። እርስዎ እንዳይሄዱ ብዬ ነው።»

እሷ ወለሉን አየች፤ እሱ ሣጥኑን አየ። ከዚያ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ፈታላት። ሦስተኛው ጥርስ ነበር፤ እንደ ጌጥ ያብረቀርቃል።

«ይሄኛው ይገጥማል?»

«ይገጥማል።»

«መቼ?»

አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። እሷ ቀድማ ሳቀች፤ እሱም ተከተላት።

አዲስ ደብዳቤ ጽፋ ለሁለት ቀን ከሥራ ስትመለስ ፊርማ ለቀመች። ከምድር እስከ ዘጠነኛ ፎቅ፣ በር በበር፣ በእግሯ። ለዓመታት በጫጫታቸው ብቻ የምታውቃቸውን ሰዎች በፊታቸው አወቀቻቸው። ከራሷ ጣሪያ በላይ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ እየጎተቱ እንቅልፍ የሚነሷት አሮጊት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟልና ከመስኮት ወደ መስኮት ብርሃኑን እየተከተሉ ነበር የሚሰፉት። ሁለተኛ ፎቅ ሬዲዮ የሚያስጮኸው ባለ ታክሲ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ባዶ እንዳይመስለው ነው። አብረው የኖሩ መስሏት ነበር፤ ለካ ተደራርበው ነው የኖሩት። ጡረተኛዋ ነርስ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡ። ያ ልጅ ሲያልፍ ያሉትን እያስታወሱ ሳይሆን አይቀርም፣ ምንም ሳይቀልዱ ፈርመው ሰጧት። ደብዳቤው ስድስት መስመር ብቻ ነበር፤ የሚጀምረውም «በመጀመሪያው ደብዳቤያችን ስህተት አለ፤ ስህተቱም የእኛ ነው» በማለት ነው።

አርባ ሦስቱም ፈረሙ፤ ኃላፊውም ቃሉን ጠበቀና መካኒኩ ዓርብ ተመለሰ። ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሊፍቱ በረጅሙ አቃሰተና ተንቀሳቀሰ። ሰው ከመሳፈሩ በፊት መካኒኩ የአሸዋ ከረጢት ጭኖ አሥር ጊዜ አመላለሰው። ነዋሪው በየፎቁ በሩን ከፍቶ ያይ ነበር።

እሑድ ጠዋት ወንድሟ የጭነት መኪናውን አስፋልት ዳር አቁሞ ወረደ። አራሚዋ ዳቦ ገዝታ ስትመለስ ነበርና አብረው ገቡ። አባትየው ቤት ውስጥ የሉም። በረንዳውም ባዶ ነው። ከዘራቸውም የለም። ወንድሟ ይሄ ከተማ ሰው ይበላል ብዬሽ አልነበረም እያለ ተመልሶ ወረደ።

በሩ ላይ ጥበቃውና መካኒኩ ቆመዋል፤ መካኒኩ የዕረፍት ቀኑ ቢሆንም የሞተሩን ድምፅ ለማዳመጥ መጥቶ ነበር። ጥበቃው እንደነገራቸው፣ አባትየው ኮታቸውን ለብሰው ብቻቸውን በሊፍት ወርደው፣ የመጣው አውቶቡስ ላይ ወጥተዋል። መስመሩ ዞሮ እስኪመለስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ወንድምየው ልፈልጋቸው ብሎ በመኪናው በረረ፤ አራሚዋና መካኒኩ ፌርማታው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ሁለት አውቶቡስ መጥቶ አለፋቸው።

«ሐይቅ ዳር የምንሄድ አይመስለኝም» አለች በመጨረሻ።

«እርስዎ...»

«እርስዎ አትበለኝ።»

መንገዱን አየ፣ እጁን አየ። «አንቺ» አለ፤ ቃሏን እንደዚያ ጥርስ እየለካ የቀረጻት ይመስል ነበር። «አንቺስ ትቀሪያለሽ? በእኔ ምክንያት?»

«በአንተም። በከተማውም። መለየት አቅቶኛል።»

እጇን አግዳሚው ላይ አሳረፈች። እሱም የራሱን አጠገቧ አሳረፈ። ማን ቀድሞ እንደያዘ በኋላ ሁለቱም አልተስማሙም።

አውቶቡሱ ሲመለስ አባትየው ከሹፌሩ አጠገብ ካለው የፊት ወንበር ላይ ተሰይመው፣ በእጃቸው መንገዱን እያመለከቱ ለሹፌሩ የሆነ ነገር ያስረዱ ነበር። በሩ ተከፈተ። ልጃቸውን አዩ፣ መካኒኩን አዩ፣ የተያያዘውን እጅ አዩ። ወደ ሹፌሩ ዞረው አንዲት ቃል ተናገሩ። በሩ ተዘጋና አውቶቡሱ ይዟቸው ሄደ።

ያን ጊዜ ወንድምየው ከተማውን ሲዞር ቆይቶ፣ ላብ አጥምቆት፣ መኪናውን መንገዱ መሐል ገትሮ ወረደ። ከኋላው ያለው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ለቀቀው። አባቱ በአጠገቡ ሲያልፉ አይቷቸዋል፤ እጃቸውን አውለብልበውለታል። እህቱን አየ፣ ከዚያ አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

መካኒኩ ሊነሳ ሲል እጁን አልለቀቀችውም።

«የኔ ነው» አለች።

ጥሩምባው ጆሮ ስላደነቆረ ወንድሟ አልሰማትም፤ ምን አልሽ ብሎ ጎንበስ አለ። እሷም ፌርማታው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ፣ ከጎዳናው በላይ ጮክ ብላ ደገመችለት።