አራተኛው ብርጭቆ

አቶ ገሠሠ የሞቱት ብራያርክሊፍ ሮድ ላይ ባለው የልጃቸው የሉሊት ምግብ ቤት ውስጥ፣ የዓሣ ጥብስ ቀርቦላቸው ነጭ ወይን ጠጅ እንደጠጡ ነው። የካውንቲው መርማሪ የምሥራች ስትደርስ አስከሬኑ ተሸፍኗል፤ ጠረጴዛውን ግን ማንም አልነካውም። የምሥራች አትላንታ ያደገች ናት። አማርኛዋ ይደናቀፋል፣ አንቱ ማለትም አይሆንላትም፤ ዓይኗ ግን ምንም አያመልጠውም።

ፖሊሶቹ የምግብ ቤቱን የወይን ባለሙያ ሄርሜላን ለብቻዋ አስቀምጠዋታል። ብርጭቆውን ለሽማግሌው በእጇ የሰጠችው እሷ ስለሆነች ልትታሰር ምንም አልቀራትም።

«ለምን ሰጠሽው?» አለቻት የምሥራች።

«የሳቸው ወይን በጣም ቀዝቅዞ ጥርሳቸውን አመማቸው። የኔ ስላልቀዘቀዘ ሰጠኋቸው። ትልቅ ሰው ጥርሱን ይዞ እያየሁ ዝም ልበል?»

«ወይኑ ምን ዓይነት ነው?»

«ድራይ ነው፣ የሰሜን ጆርጂያ ተራራ ወይን። ስኳር የለውም፤ አረንጓዴ ፖም የነከስሽ ይመስልሻል። ለዓሣና ለአይብ ግሩም ነው። ከዶሮ ወጥ ጋር ግን አይሄድም፣ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል። ዶሮውን ከሜኑ አውጣው አልኩት ኤርሚያስን።»

«አወጣው?»

«ወዲያው።»

ቤቱን ያቆመው የሉሊት ዶሮ ወጥ ነበር።

የሉሊት ባል ኤርሚያስ ላብ በላብ ሆኗል። «ወይኑን ልንገዛ ከሄርሜላ ጋር ተራራው ድረስ ሄደናል። ሥራ ነው!» አለ፤ ባል ሁሉ እንዲህ ይላል። «አባባ ገሠሠ ግን ከሷ ጋር መዞርህን ተው ብለው ተቆጡኝ።»

«ማን ቀዳ?»

«እኔ እንጃ። ሊቶኒያ ሄጄ ሄርሜላን ፒክ አድርጌ ይዣት ስመለስ ተቀድቶ ጠበቀኝ።»

ሉሊት አባቷን እያለቀሰችም ዓይኗን ከሄርሜላ ላይ አላነሳችም። «ወይኑን ከፍሪጅ አውጥቼ አራቱንም ብርጭቆ አንድ ላይ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ገዳይዋ ያችውልሽ፣ ብርጭቆውን ያቀበለችው!»

የምሥራች ጎንበስ ብላ የጠረጴዛውን ጨርቅ በጣቷ ዳሰሰች።

በማግስቱ ላብራቶሪው መርዙ ሽማግሌው ከሄርሜላ ተቀብለው በጠጡት ብርጭቆ ውስጥ ብቻ እንደነበር፣ ጠርሙሱ ግን ንጹሕ እንደሆነ አረጋገጠ። የምሥራች ሦስቱንም እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ኦኬ። ሽማግሌው ብርጭቆ ይቀይራል ብሎ ማንም አልጠበቀም። ስለዚህ መርዙ ለሱ አልነበረም። ለሄርሜላ ነበር።»

ሄርሜላ አፏን ያዘች።

«በሐምሌ ሙቀት የቀዘቀዘ ብርጭቆ ያንጠባጥባል። ትላንት ስዳስሰው ሦስቱ ብርጭቆዎች ጨርቁን አርጥበውት ነበር። ከአራተኛው ሥር ግን ጨርቁ አልረጠበም፤ ቀደም ብሎ የተቀዳ ነው። ሉሊት፣ አንድ ላይ ቀዳሁ ያልሽኝ ውሸት ነው። ሄርሜላ፣ የማይቀዘቅዝ እንደምትፈልጊ ለማን ነገርሽ?»

«በጣም ሲቀዘቅዝ ሽታው ይጠፋል። የኔን ቀድመሽ ቅጂልኝ ብዬ ለሉሊት ደወልኩላት። ለሷ ብቻ።»

ኤርሚያስ ከወንበሩ ተነሳ። «ሉሊት?»

ሉሊት አሁንም የምታየው ሄርሜላን ነው።

«ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅም ትላለች እናቴ» አለች የምሥራች። «ሉሊት፣ ብርጭቆው ሲቀየር የት ነበርሽ?»

«አባዬ አጠገብ። ዓሣውን እያቀረብኩለት።»

«አይተሻል?»

«አይቻለሁ። አባዬ ቀመሰና፣ ልጄ፣ ወይኑ ይመራል እንዴ? አለኝ። ብጮህ እሷ ፊት መዋረዴ ነው፤ ባሌንም አስረክቤያት መሄዴ ነው። እንዴት ታሸንፈኝ? ድራይ ወይን እንደዚህ ነው አባዬ፣ አልኩት።» ሉሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከሄርሜላ ላይ አነሳች። «አባዬ እኔ ያቀረብኩለትን አስተርፎ አያውቅም።»