የሸጥኩት ሞተር ነው

አርቢው ዳዶ፣ ጎልቦ በሚባለው ቆላ ከሚገኘው የውሃ ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ አዲሱን የውሃ መሳቢያ ሞተር እንደ ተደገፈ ሞቶ ተገኘ። የገደለው ኤሌክትሪክ ነው። ሞተሩን የሸጠችው ዙሌይካ ከሞያሌ ሱቋ ተጠርታ ስትደርስ፣ የተከለው ሠራተኛዋ ወርቅአየሁ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ያየችው ጊዜ ጥፋቱ በእሱ ላይ ስለ ወደቀ እፎይ አለች፤ እፎይ በማለቷም አፈረች። አፈረች እንጂ ዝም አላለችም።

«እኔ የሸጥኩት ሞተር ብቻ ነው፣ አፋንዴ» አለችው ፖሊሱን ኢንስፔክተር ጅሎን። «ሞተሩ አዲስ ነው። ተከላው ምርቃት ነበር፤ አንድ ሽልንግ አልተቀበልኩበትም። በነፃ ሥራ ልጠየቅ?»

ጅሎ ለነገር የማይቸኩል ሰው ነው። ሞተሩ ሥር ተንበርክኮ አንዲት ብሎን በጥፍሩ ነካካ።

«አንተ የተከልከው ፉንዲ፣ ሞተር ሲረጥብ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ አስረሃል?»

«አስሬያለሁ» አለ ወርቅአየሁ። «ሌባ ወስዶት ይሆናል።»

«ብሎኑ ላይ ያለው የፋብሪካ ቀለም አልተሰነጠቀም። ተፈትቶ አያውቅም።»

ወርቅአየሁ አንገቱን ደፋ። «ሳጥኑ ውስጥ ሽቦ አልነበረም። ደውዬ ነገርኳት። ‹ምርቃት ነው፣ ቶሎ ጨርሰህ ና› አለችኝ። እንጀራዬ በእሷ እጅ ነው።»

ዙሌይካ እንዲህ ማለቷ እውነት ነው። ሽቦው የት እንደ ገባ ግን የምሯን አታውቅም።

ጅሎ የሞተሩን ሽያጭ ውል አንብቦ፣ ግቢውንም ዞሮ ሲያበቃ ለቅሶ የተቀመጡትን ሰበሰበ።

«ዳዶ የገዛው ዕቃ ነው ወይስ ሥራ?» አለ። «ዕቃ ብቻ ከሆነ የዙሌይካ ኃላፊነት ሱቋ በር ላይ አብቅቷል፤ ወርቅአየሁ ብቻውን ይታሰራል። ግን ዳዶ ውሉ ላይ አሻራውን ያኖረው ሞተሩን ሲረከብ አይደለም። እኛ ዘንድ ሰው ውሃ አገኘሁ የሚለው ከብቱ ሲጠጣ ነው። እሱም ያተመው በተከላው ቀን፣ ከብቶቹ ከጠጡ በኋላ ነው። ብሎን መፍታት ለማያውቅ አርቢ ብረቱ ብቻውን ምን ይሠራለታል? የገዛው ተተክሎ ውሃ የሚያወጣ ሞተር ነው። ሽያጩ ያለቀው እዚህ ነው፤ ተከላውም ከዋጋው ውስጥ ነው። ወርቅአየሁ ስለዋሸ አይለቀቅም፤ ብቻውን ግን አይጠየቅም።»

«ሽቦውስ?» አለች የዳዶ ሚስት ካልቶማ።

ጅሎ ልብስ ወደ ተሰጣበት ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ አመለከተ። «ይኼን የመሬት ሽቦ ማን ሰጠሽ?»

«ዙሌይካ ናት። ሞተሩን ልንገዛ የሄድን ዕለት የልብስ ማስጫ ብለምናት፣ ከአንድ ሳጥን መዝዛ ‹ምርቃትሽ ነው› አለችኝ።»

ዙሌይካ አሁን ትዝ አላት። የመዘዘችው ከዳዶ ሞተር ሳጥን ነበር። አሸዋው ላይ ተቀመጠች።

«ሽቦ የለም ሲለኝ ፈልጌ መላክ ነበረብኝ» አለች። «በነፃ ስለሆነ ናቅሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ካልቶማ ወደ እሷ ዞረች። «ያን ቀን እኮ ዱዓ አድርጌልሽ ነበር» አለች።

ዙሌይካ ምነው በሰደበችኝ ብላ ተመኘች። ካልቶማ ግን ተነሥታ የባሏን ልብስ ከሽቦው ላይ አንድ በአንድ ታወርድ ጀመር።