ያልተሰበረው መስታወት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ከማንም አልሰማሁትም፤ በራሴ የደረሰውን ነው የምነግራችሁ።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቶ... እኔ ብቻዬን ቢሮ ነበርኩ።

የመንግሥት ሕንጻዎችን የምቆጣጠር መሐንዲስ ነኝ። ምላሴ አያርፍም። "ይቺ ሴትዮ ካልፈረመች ነገር አይሄድም" እያሉ ያሙኛል። እውነታቸውን ነው።

ባለፈው ዓመት ቢሮአችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት አስገባ። ፕሮጀክቶቹን በካሜራ ያያል፣ ሪፖርት ያነባል፣ መረጃውን ያገናዝባል፤ ከዚያ ስክሪን ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ያበራል። ቀይ ከሆነ ሥራው ይቆማል። እኛ እያሾፍን "አዋቂው" አልነው። ዶሮ የማይጠይቅ አዋቂ!

"አዋቂው ዛሬ ምን አለ?"

"ሲሚንቶ ይዘገያል ብሏል።"

ደግሞ አይሳሳትም ነበር።

ያስገባችው ጓደኛዬ ናት። የዳታ ባለሙያ ነች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው ያደግነው። ልጄን ስወልድ እጄን ይዛ ያደረችው እሷ ናት።

ወራት ሙሉ ካሜራ ይዛ ከኋላዬ ተከተለችኝ። ሕንጻ ስፈትሽ ቀረጸችኝ። ድምፄን፣ አረማመዴን፣ ስናደድ ቅንድቤን እንዴት እንደማነሳ ሳይቀር።

"ምን ያደርግልሻል ይሄ ሁሉ?" አልኳት።

"አዋቂው ካንቺ ይማር። ነገ ጡረታ ስትወጪ እውቀትሽ አብሮሽ እንዳይሄድ።"

ደስ አለኝ። ሞኝ!

አሁን ወደዚያ ቀን ልውሰዳችሁ።

ከቢሮአችን ብዙ የማይርቅ ትምህርት ቤት አለ። ልጄ የምትማረው እዚያ ነው። ግቢው ውስጥ አዲስ ሕንጻ ሠርተናል፤ ምረቃው ደርሷል። ልጆቹ ያን ቀን በምሳ ሰዓት እላይ አዳራሹ ወጥተው መዝሙር ሊለማመዱ ነው። ደረጃው አጠገብ ያለው ምሰሶ ግን ተሰንጥቋል።

እኛ ስንጥቅ ስናይ የምናደርገው ቀላል ነገር አለ። ቀጭን መስታወት ስንጥቁ ላይ አጋድመን በጂፕሰም እንለጥፋለን። መስታወቱ ካልተሰበረ ስንጥቁ አርፏል። ከተሰበረ... ሕንጻው እየተንቀሳቀሰ ነው። ሰው አይገባበትም። አለቀ።

ልክ ከምሳ ሰዓት በፊት ሄጄ አየሁት።

ተሰብሯል።

ስብርባሪውን ሳነሳ ጣቴን ቆረጠኝ። በመሐረብ ጠቀለልኩት። ደረጃው ላይ ገመድ ወጠርኩና ዘበኛውን "ነፍስ ያለው ነገር እንዳይወጣ!" አልኩት።

"ዝንብ አላሳልፍም፣ ኢንጂነር" አለኝ። "ይሄን ገመድ ከእርስዎ በቀር ማንም አይፈታውም።"

ሕንጻው በትእዛዝ የሚዘጋው ግን በአዋቂው በኩል ነው። ወደ ቢሮ በረርኩ።

ስክሪኑን ከፈትኩ።

አረንጓዴ።

"ፍተሻው ተጠናቋል። ለአገልግሎት ብቁ ነው።" ፈታሽ ተብሎ የተጻፈው... የኔ ስም ነው።

ከሥሩ የካሜራው ምስል አለ፣ ቀጥታ ከቦታው የሚመጣው። ምሰሶው አጠገብ አንዲት ሴት ቆማለች።

እኔ ነኝ።

ነጩ ሄልሜቴ ሳይቀር። ልጄ የለጠፈችበት ቢጫ ኮከብ ሳይቀር። የኔ ሄልሜት ግን ጠረጴዛዬ ላይ ነበር... በእጄ ዳሰስኩት።

ሴትዮዋ መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። መስታወቱ ደህና ነው፤ አንድ ጭረት የለበትም። ጣቷም አልተጠቀለለም።

ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ጓደኛዬ ናት።

"ምሳ አልወጣሽም እንዴ?" አለች፣ በሹክሹክታ።

"ይሄ ምንድነው?"

ስክሪኑን ልታጠፋ እጇን ሰደደች።

"ምንድነው አልኩሽ!"

"ቀስ በይ... አለቃችን ከምረቃው በፊት አረንጓዴ ይሁን አለ። አንቺ ደግሞ አትፈርሚም።"

"መስታወቱ እኮ ተሰብሯል! ልጄ እዚያ ናት!"

"ከምረቃው በኋላ ይጠገናል። ይሄ ሥዕል ብቻ ነው፣ አዋቂው የሠራው። አንቺን ወሰድን... ግትርነትሽን ብቻ ተውነው።"

እንዲህ አለችኝ፣ ዓይኔን እያየች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ጠላት ቢያደርገው ምን ይገርመኛል? እሷ ግን ገመናዬን ሁሉ የምታውቅ ጓደኛዬ ናት።

ስልኬን አንስቼ ታናሽ እህቴ ጋ ደወልኩ። ልምምዱን ልታይ እዚያው ትምህርት ቤት ሄዳለች።

"ልጆቹ አዲሱ ሕንጻ እንዳይገቡ! ሰማሽኝ?"

ከኋላዋ የልጆች መዝሙር ይሰማል።

"እትዬ... ምን ሆነሻል?"

"ስሚኝ ብቻ!"

"አሁን አንቺ አይደለሽ እንዴ ገመዱን ፈትተሽ ያስገባሽን? ልጅሽም እጅሽን ይዛ ደረጃውን ወጣች እኮ..."

ጓደኛዬን ዞሬ አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ሥዕል ነው" አለች። "ሥዕል... ገመድ አይፈታም..."

ስክሪኑን አየሁ። ምሰሶው አጠገብ ማንም የለም።

"አውጫቸው! እሳት ነው በያቸው! ሁሉንም አውጪ!" ብዬ ጮህኩ። እህቴ፣ ዕድሜ ይስጣት፣ ለምን አላለችም።

እየሮጥኩ ስደርስ ልጆቹ ግቢው ውስጥ ተሰብስበዋል። ልጄ የሁሉም መጨረሻ ሆና እየሮጠች ወጣች። ከዚያ ደረጃው ምሰሶውን ይዞ ወረደ። አቧራው ፀሐይዋን ሸፈናት።

አንድም ልጅ አልተጎዳም። ተመስገን።

ልጄን ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ።

ወደ ኋላ ሸሸች።

"የኔ እናት፣ ምነው?"

"አንቺ ነሽ ያስገባሽኝ" አለች። "ሰው ሁሉ ሲወጣ እጄን አልለቅም አልሽኝ።"

"እኔ አይደለሁም... አሁን መምጣቴ ነው።"

ጣቴን አየች። መሐረቡን፣ ደሙን።

"ታዲያ እሱስ? ነክሼሽ ነው ያመለጥኩት።"

ምን ልበላት? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ?

ጓደኛዬ ሥራ ለቀቀች። ደጋግማ ትደውላለች፤ አላነሳም። አዋቂውም ተዘጋ ተባልን። ልጄ እስከዛሬ መንገድ ስንሻገር የእህቴን እጅ ነው የምትይዘው። የኔን አትነካም። ይሄ ነው ከሁሉ የሚያንገበግበኝ።

የቀረው ሕንጻም ፈረሰ፤ የነበረበት ቦታ አሁን ባዶ ሜዳ ነው። ካሜራውም ፍርስራሹ ውስጥ ቀርቷል።

ትናንት በምሳ ሰዓት ግን የቢሮዬ ስክሪን ሳልነካው በራ።

አረንጓዴ።

ደረጃው ቆሟል። መስታወቱ ደህና ነው። እሷም ደረጃው ላይ ናት... ጀርባዋን ሰጥታ፣ ልጅ መጥቶ እንዲይዘው እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ።

ጣቷ በመሐረብ ተጠቅልሏል።