በሂክማ ስም የበራው ቀይ ምልክት

ኸድር ደብረ ታቦር የመጣው ለሰርቨር እንጂ ለፍቅር አልነበረም። ሰው ግን የመጣበትን ብቻ ጨርሶ መቼ ይመለሳል?

የቀጠረው የገብስና የድንች ዘር አቅራቢ ማኅበር ነው። ማኅበሩ በከተማው ዋና መሥሪያ ቤት፣ በገሳይና በጉና ተራራ ሥር ደግሞ መጋዘኖች አሉት። በየቦታው ያሉት ኮምፒውተሮች ማን እንደከፈታቸውና ምን እንደገጠማቸው ለየራሳቸው ይመዘግባሉ። የኸድር ሥራ ይህን ሁሉ መዝገብ አንድ ማዕከላዊ ሰርቨር ላይ መሰብሰብ፣ ሰርቨሩንም ኔትወርኩን ከሚከታተለው ሥርዓት ጋር ማገናኘት ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ሲበላሽ ወይም ሰው ከሥራ ሰዓት ውጭ ሲገባ ቀይ ምልክት ይበራል፤ ሪፖርቱም በየሳምንቱ ለሥራ አስኪያጁ ይደርሳል።

ኔትወርኩን የምትከታተለው ሂክማ ነበረች፤ የጨርቅ ነጋዴው የሐጅ ሙስጠፋ ልጅ። አባቷ ሥራ የፈቀዱላት ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው የመግሪብ ሶላት በፊት ቤት እንድትገባ አስምለው ነው። ሂክማም ቃሏን አንድም ቀን አላጓደለችም።

«ይህ ክፍል ከጉና አናት ይበርዳል» አላት ኸድር በመጀመሪያው ቀን፣ እጆቹን እያፋተገ።

«ለመሆኑ ጉና ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?»

«የገሳይ ልጅ ነኝ እኮ። በየቀኑ ሳየው ነው ያደግሁት።»

«ማየትና መውጣት አንድ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችበት። በማግሥቱ ግን የወንድሟን ጃኬት አምጥታ ወንበሩ ላይ ጣል አደረገችለት።

ሰርቨሩን ያስነሳ ዕለት ጠዋት ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ስለነበር ሁሉንም ነገር በእጁ ማስገባት ነበረበት። ሂክማ ከጎኑ ቆማ አጎንብሳ ታያለች። የሻሿ ጫፍ ክንዱን ነካው። ኸድር ከዚያ በኋላ ምን ምን እንደጻፈ ቢጠየቅ መልስ የለውም።

ለሙከራ መጀመሪያ ያገናኙት የእሷን ኮምፒውተር ብቻ ነው። አረንጓዴው ምልክት ብቅ ሲል እኩል «አልሐምዱሊላህ!» አሉና እኩል ሳቁ።

ከሳምንት በኋላ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሞላ ኸድርን አስጠሩት።

«እይ እስቲ» አሉት፣ ሪፖርቱን ወደ እሱ እየገፉ። «በየቀኑ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ በሂክማ ስም ወደ ኮምፒውተሯ ተገብቷል። ወይ ራሷ ናት፣ ወይ የይለፍ ቃሏን ለሰው ሰጥታለች። ከሥራ ከማገዴ በፊት ሐጅን ጠርቼ ላነጋግር ነው።»

ኸድር አደጋው ወዲያው ታየው። «ሌሊት» የምትል አንዲት ቃል ሐጅ ሙስጠፋ ጆሮ ከገባች ሂክማ ዳግመኛ ከቤት አትወጣም። የከተማው ወሬ ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል። በቀጥታ ወደ እሷ ሄደ፤ ሄዶም ያደረገው ነገር የማይደረግ ነበር።

«ሂክማ... ሌሊት እዚህ መጥተሽ ታውቂያለሽ?»

መጀመሪያ የሚቀልድ መሰላት። ከዚያ ፊቱን አየች።

«አንተ ነህ ይህን የምትጠይቀኝ?»

«ሰርቨሩ ነው እንዲህ የሚለው...»

«ሰርቨሩ የፈለገውን ይበል። እኔን ያመመኝ ያንተ ነው።» ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ኸድር ባዶውን ወንበር እያየ ራሱን ረገመ። እውነቱን ለመናገር እርግማኑ ይገባዋል። ጥቂት ቆይቶ ግን ወደ አቶ ሞላ ቢሮ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ሐጅን አይጥሯቸው። ስህተቱ የኔ ሥራ ላይ ነው።»

«አገኘኸው?»

«አላገኘሁትም።»

«ታዲያ በምን አወቅህ?»

«ሂክማን አውቃታለሁ። ሰርቨሩን የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። እኔ እሳሳታለሁ።»

አቶ ሞላ መነጽራቸውን አወለቁ። «እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ካላገኘኸው ያንተም ሥራ አበቃ፣ እሷንም አባቷንም እጠራለሁ።»

በማግሥቱ ኸድር ከሁሉም ቀድሞ ገብቶ ሰርቨሩ ፊት ተቀመጠ። ሂክማ እንደ ልማዷ በሰዓቷ መጣች። ሰላም ሳትለው አልፋ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ወዲያው በሰርቨሩ ስክሪን ላይ ስሟ ወጣ፤ ከጎኑ 2:30፣ ቀጥሎ ቀይ ምልክት። ኸድር ቀና ብሎ አያት። የጠዋት ፀሐይ ትከሻዋ ላይ አርፏል። የእጅ ሰዓቱን አየ፤ እሱም ሁለት ሰዓት ተኩል ይላል።

ሰርቨሩ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ከእኩለ ሌሊት ተነስቶ ነው፤ ለእሱ 2:30 በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ኸድር ግን ያን ዕለት፣ ኢንተርኔቱ ጠፍቶ ሻሿ ክንዱን በነካው ጊዜ፣ ከእጅ ሰዓቱ ላይ የሀበሻውን ጠዋት እንዳለ ገልብጦ አስገብቶለታል። ሂክማ በጠራራ ፀሐይ እየገባች ሌሊት መጣች ተብላ ተከሰሰች።

ሰዓቱን አስተካከለና ስህተቱን ለአቶ ሞላ በእሷ ፊት ተናገረ። አቶ ሞላ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ከዚያም ሂክማን ይቅርታ ጠየቋት። እሷም ተቀበለች። ኸድርን ግን አልተቀበለችውም።

«ማሪኝ» አላት ብቻቸውን ሲቀሩ።

«ሰዓቱ ነጻ ሲያወጣኝ አመንከኝ። ይህንማ ማንም ያደርገዋል።»

ትናንት ለአቶ ሞላ ያለውን ሊነግራት አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው። ከሰዓት በኋላ የገሳዩን መጋዘን ለማገናኘት ጓዙን ይዞ ወጣ።

አቶ ሞላ ናቸው ሳያስቡት የነገሯት። «ያ ልጅ ግን ገርሞኛል። ስህተቱ ከየት እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ እንጀራውን አስይዞ ቆመልሽ።»

«መቼ?»

«ትናንት። አንቺ ተቆጥተሽ እንደወጣሽ ነው።»

ሂክማ ቦርሳዋን ትታ ሮጠች፤ ደጅ ላይ ያገኘችውን ባጃጅ አስቁማ መናኸሪያ ደረሰች። የገሳይ ሚኒባስ ሞልቶ ሞተሩ ተነስቷል። ኸድር በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል። መስታወቱን በጣቷ መታችው፤ ከፈተው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች እያለከለከች።

«ብነግርሽስ፣ መጠየቄ ይሰረዛል? ሂክማ፣ ያን ጥያቄ አፌ ባያወጣው ምን ነበረበት! እወድሻለሁ እኮ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሂክማ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከንፈሯ ግን ፈገግታውን መደበቅ አልቻለም።

«አባቴ በገበያ ቀን ከሱቅ አይወጣም» አለችው። «እሑድ ግን ቤት ይውላል።»

«መጥቼ ላናግራቸው?»

«አንተማ አርፈህ ተቀመጥ። የሚመጡት ሽማግሌዎችህ ናቸው።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ኸድር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እስክትጠፋው ድረስ አያት። ከጎኑ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ እናት ጉልበቱን ነካ አደረጉት።

«ልጄ» አሉት፣ «ሽማግሌ ከጎደለህ ባለቤቴ አሉ።»