ሁለተኛዋን ዶሮ ማን አረዳት?

ሽማግሌው ደራሲ በረንዳው ላይ በገዛ ደሙ ተነክሮ ተዘርግቷል። አናቱ እስከ ቅንድቡ ድረስ ተፈልጧል። ምቱን ሊከላከልበት ያነሳው ክንዱ ከአንጓው በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሏል። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ደግሞ ለሬሳ አያዝንም፤ ዝንቡ ገና ከአሁኑ ወሮታል። ኢንስፔክተር ሳሊሃ የሻሿን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ሳብ አድርጋ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ኢንና ሊላህ! አንድ ምስኪን ሽማግሌ ምን ቢያደርግ ነው እንዲህ የሚከተፈው?» አለች።

ሰውየው ኮባስ ሬትማን ይባላል፤ ከተማው ግን «አባባ ኮባስ» ነበር የሚለው። ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ በአፍሪካንስ ቋንቋ ልቦለድና ተውኔት ሲጽፍ ያረጀ። ወጣት ሳለ ተውኔቱን የገዛ መንግሥቱ አገደበት፣ መጽሐፉን ዘመዶቹ ደጃቸው ላይ አቃጠሉበት። ዘመን ሲገለበጥ ያው ያገደው አገር ሸለመው። እሱ ግን ሽልማቱን ለእህቱ ልጅ ጥሎ በስተርጅና ወደዚህ መጣ፤ ሙቀቱ የትውልድ መንደሬን ያስታውሰኛል ይል ነበር። አማርኛ ተማረ፣ የከተማውን ወጣቶች ሰብስቦ ቴአትር ማለማመድ ያዘ። አዲሱ ተውኔት ቅዳሜ ሊታይ ነበር።

ከአጥሩ ውጭ ሕዝቡ ይጮሃል። የሚፈልጉት ሙጂብን ነው። ሙጂብ ሥጋ ቤት ያለው ጎረምሳ፣ የቴአትሩም ዋና ተዋናይ ነው። ሸሚዙ በደም ርሶ፣ ሬሳውን አቅፎ ሲጮህ ተገኘ፤ ቢላዋውም ግቢው ውስጥ ነበር። ፖሊስ እስኪደርስ በዱላና በድንጋይ ቀጥቅጠውት ጥርሱ ረግፏል። እርጉዝ ሚስቱ ናጅዋ በሩ ላይ ተደፍታ «ባሌን አትግደሉብኝ!» ትላለች። ገዳዩ ዛሬውኑ ካልታወቀ ሕዝቡ ጣቢያውን ጥሶ ልጁን እንደሚጨርሰው ሳሊሃ አልጠፋትም።

«ተናገር» አለችው ሙጂብን።

«ወላሂ አልነካሁትም! ደሙ ሳነሳው የነካኝ ነው። ቢላዋው የዶሮ ነው። ከልምምድ በኋላ አብረን ልንበላ ስለነበር ለእኛ ለሙስሊሞቹ አንድ ዶሮ አርጄ ወደ ሱቅ ሄድኩ። ስመለስ... እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

ሳጅን ሰዲቅ ሳቀበት። «ወጡን የሚሠሩት እትዬ ፋናዬ ክርስቲያን ናቸው። እኛ ያረድነውን ከመቼ ወዲህ ነው የሚሠሩት? ለማን ነው የምታወራው?»

ሳሊሃ ማድ ቤት ገባች። ከሰል ላይ ሁለት ድስት ተጥዷል፤ ሁለቱም የዶሮ ወጥ፣ ለየራሳቸው ማማሰያ ያላቸው። ይፋት ውስጥ ሁለቱም ወገን የተጠራበት ድግስ እንዲህ ነው፤ ልጁ አልዋሸም። የሙጂብን ቢላዋ አንስታ አገላበጠችው።

«ሰዲቅ፣ በዚህ አንገት ይቆረጣል እንጂ አናት ይፈለጣል? ይህ የገጀራ ሥራ ነው። በጓሮ የሚያልፈውን የመስኖ ቦይ አስዘጋና ውስጡን ፈትሽ።»

ቤቱን የምታሰናዳው ፋናዬ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ባሏን የሮቢ ወንዝ ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ ልጆቿ የሚበሉት ከባሏ ወንድም ከጋሽ በላይ እጅ ነው፤ የምትኖርበት ቤትም፣ አባባ ኮባስ የተከራየውም ግቢ የእሳቸው ነው።

«እትዬ ፋናዬ፣ ከማለዳ ጀምሮ ማን ገባ?»

«ሙጂብና ቅድስት ብቻ። ሌላ ሰው ዝር አላለም። ኋላ እኔ ለስላሳ ልገዛ ወጣሁ።»

«በመድኃኔ ዓለም ይማሉልኛል?»

ፋናዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። «መሐላ ምን ያደርጋል፣ እህቴ?»

በቴአትሩ የሚገደለው ሰው ሚስት ሆና የምትሠራው ቅድስት ዓይኗ አብጧል። ተውኔቱ ለአትክልት ቦታ ሲል ወንድሙን ጎርፍ ውስጥ የገፈተረ ሰው ታሪክ ነው አለች። ትናንት ጋሽ በላይ ልምምዱን ሊያዩ መጥተው መሃል ላይ ብድግ ብለው ወጥተዋል። አባባ ታሪኩን ከየት እንዳመጣውም ለኢንስፔክተሯ ነገረቻት።

ጋሽ በላይ በጓሮ በኩል ያለው የሙዝና የማንጎ እርሻ ባለቤት ናቸው። «እኔማ ቤቴ ስተኛ ነው የዋልኩት፣ ልጄ። እዚህ ግቢ ዛሬ አልረገጥኩም» አሉ።

ሳሊሃ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሙጂብ እንደታሰረ፣ ናጅዋም አጠገቡ።

«ሁለት ዶሮ ታርዷል» ብላ ጀመረች። «አንዷን ሙጂብ አረዳት። ሁለተኛዋን ማን አረዳት? እኔም ሴት ነኝ፤ እናቴ ዶሮና ቢላዋ ይዛ በራፍ ላይ አላፊ ወንድ ስትለምን ነው ያደግሁት። በአገራችን ሴት ዶሮ አታርድም፤ ስለዚህ እትዬ ፋናዬም ቅድስትም አይደሉም። ሙጂብ ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። አባባ ኮባስ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቢያርድስ ማን ይበላለታል? ስለዚህ ዛሬ እዚህ ግቢ አንድ ክርስቲያን ወንድ ገብቷል። እትዬ ፋናዬ፣ ማነው?»

ፋናዬ ጋሽ በላይን አየች። ቀጥላ የናጅዋን ሆድ አየች። በአንድ በኩል የልጆቿ እንጀራ አለ፣ በሌላ በኩል ገና ያልተወለደ ልጅ አባት። 

«ጋሽ በላይ ናቸው» አለች። «በጓሮ በር ገብተው አረዱልኝ። ሰውየው ተገድሎ ሲገኝ ግን፣ መምጣቴን ከተናገርሽ ልጆችሽን ይዘሽ ከቤቴ ትወጫለሽ አሉኝ።»

«ዶሮ ማረድ ወንጀል ሆነ እንዴ?» አሉ ጋሽ በላይ እየሳቁ።

«ማረዱማ ምን ወንጀል አለው? መደበቁ ነው እንጂ።» በዚህ መሃል ሰዲቅ ከቦዩ የወጣውን ገጀራ መሬት ላይ ጣለው። በእጀታው ስንጥቅ ውስጥ ነጭ ፀጉር ተሰክቷል። «የእርሻዎ ገጀራ ነው» አለች ሳሊሃ፤ «ሠራተኞችዎ አውቀውታል። ዶሮዋን አርደው እርሻው ውስጥ ቆዩ። ሙጂብም ቅድስትም እትዬ ፋናዬም ሲወጡ ተመልሰው ገቡ። ትናንት ቴአትሩን መጨረስ ያቃተዎት ለምን ነበር?»

የጋሽ በላይ የአንገት ሥር ተገተረ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ቅዳሜ በሕዝብ ፊት ሊያዋርደኝ! በዚያን ቀን ወንዙ ዳር ማንም አልነበረም፤ እኔና ወንድሜ ብቻ! ማን ነገረው? እኮ ማን ነገረው?»



«ማንም አልነገረውም!» ብላ ጮኸች ቅድስት። «የገዛ አባቱ ታሪክ ነው! አጎቱ ለምንጭ ውሃ ሲል አባቱን ወንዝ ውስጥ ገፍትሮ ገደለው፤ ዘመድ ሁሉ ዝም በል አለው። ዝም አልልም ስላለ ነው መጽሐፉን ያቃጠሉበት። ልቦለድ አድርጎ ጻፈው፣ ተውኔት አደረገው፣ ዕድሜ ልኩን እሱኑ ነው የጻፈው። ስለ እርስዎ ምንም አያውቅም ነበር!»

ጋሽ በላይ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «ስለ እኔ... አልነበረም?»

«አልነበረም» አለች ሳሊሃ። «የእርስዎን ጉድ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አሁን በገዛ አፍዎ ነገሩን።»

ካቴናው ከሙጂብ እጅ ወጥቶ ጋሽ በላይ እጅ ላይ ገባ። ያን ጊዜ ፋናዬ ተነሳች። ልታለቅስ ነው ሲሉ ዘላ የበላይን አንገት አነቀች፤ ጥፍሯ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ደም ወረደ።

«የባሌን ሬሳ ስንፈልግ በትር ይዘህ ከፊት ከፊት የመራኸን አንተ አይደለህም? አብረኸኝ ደረትህን የደቃኸው አንተ አይደለህም? ልጆቼን በዚህ እጅህ ነው ያጎረስካቸው! በዚህ እጅህ!»

ሰዲቅ ሊያላቅቃት ታገለ፣ አልቻለም። ናጅዋ ገና ያቀፈችውን ባሏን ለቅቃ ፋናዬን ልትይዛት ሮጠች።